የበግ ልብ ላይ የበራችው አምፖል

ይድረስ ለሸማኔው ወዳጄ ለዘማርያም፣ ሮብ ገበያ።

እንዴት ከርመሃል? ይህን ካርድ ከደብረ ማርቆስ የምጽፍልህ እኔው በገዛ እጄ ነኝ። የማታ ትምህርት እንዲህ ያደርጋል! ልጅህ እስከዳር ስታነብልህ ስህተት ካገኘች ጥፋቱ የእስክርቢቶው ነው።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባዘጋጀው ትርኢት ላይ ዶክተር ሀጀራ የሚባሉ ተመራማሪ የበግ ልብ በስስ ነገር ጠቅልለው አየሁ። እንዳንተ ጋቢ ድርብርብ ነው፤ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። "ይጨብጡት" አሉኝ። በዓርብ ጾም ሥጋ ስነካ ቄስ እንዳያየኝ ግራ ቀኝ አየሁና ልቡን ጨመቅ ለቀቅ አደረግሁት። ልባሱ አብሮት ይለጠጣል፣ አብሮት ይሰበሰባል፤ ጫፉ ላይ የታሰረችው አምፖል አንዴም አልጠፋች!

"ዶክተር፣ የልብ ምት ማስተካከያ ታዝዞለት 'ብረት ደረቴ አይገባም' ላለ ሸማኔ ጓደኛዬ ከዚህ ይስጡኝ" አልኳቸው።

"ይኼ ገና ሙከራ ነው፤ ለሰው እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ብረቱ የሚቀመጠው ከቆዳ ሥር ነው፤ አሁኑኑ ያስገባ፣ ልቡ የእኛን ሙከራ አይጠብቅም" አሉኝ። ያን ጊዜ ቀልዴ ሁሉ ጠፋ።

ካርዱ አለቀብኝ። ለባለቤትህ ለወለተ ሰንበት ሰላም በልልኝ። ብረቱን ልታስገባ አዲስ አበባ ስትሄድ ጠፍቼ እቀራለሁ ብለህ አትፍራ፤ የአውቶቡሱንም የሆስፒታሉንም ጽሑፍ የሚያነብልህ ሰው አለህ። ለመድኃኔ ዓለም እደርሳለሁ፤ ጋቢህን ለብሰህ ጠብቀኝ።

ምሁሩ አካለ ወልድ