ከሁለት ሹፌር አንዱ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ትንሿ በቁመት እኔን በለጠች አሉ፤ እሷ ረዝማ ሳይሆን እኔ አጥሬ ይሆናል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልህ ወሬ አጥቼ አይደለም፤ የምጽፈውን ፈርቼ ነው።

የጭነት ድርጅታችን ተዘጋ። ናፍጣው በየወሩ ይጨምራል፣ አንድ ጎማ ድሮ አራት የምንገዛበትን ይጠይቃል፣ ደንበኛው ደግሞ በድሮው ዋጋ ካልጫናችሁ ሌላ ሞልቷል ይላል። ባዶ ከምንመለስ እያልን በኪሳራ ስንጭን ከርመን ወደቅን። የመጨረሻዋን መኪና ባለፈው ሳምንት ባንኩ ወሰዳት። ሊወስዳት የመጣው ሰውዬ ማርሹን ሲያፋጨው፣ ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ በመስኮት፣ ሁለተኛው እንቢ ይላል፣ ቀስ በለው እንጂ! ብሎ ጮኸበት። መኪናውን ለሚነጥቀው ሰው መንዳት ያስተምራል! ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ጓዳ ገባሁ።

አዎ፣ አልጋ ላይ ነው። ሹፌር መቅጠር ሲያቅተን ራሱ እየነዳ፣ ጋቢና ውስጥ እያደረ ከረመና ወገቤን አለ፤ ሲመረመር ግን የወገብ ብቻ ሆኖ አልተገኘም። አሁን ወደ ጎኑ የማገላብጠው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ሐኪሙ መድኃኒቱን ሁሉ አስቁሞ፣ ከእንግዲህ ጨው ተው፣ ስብ ተው አትበዪው፣ ያማረውን ስጪው አለኝ። እሱ ደስ ብሎት፣ አየሽ፣ ተሽሎኛል ማለት ነው አለኝ። እኔም አዎ አልኩት።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ያኔ ሌሎቹን መኪኖች ሸጠን አንዷ ስትቀር፣ ከሁለት ሹፌር አንዱ መሰናበት ነበረበት፤ ወይ አንተ፣ ወይ ሪዛሙ። ባለቤቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ፍሬኑን አላባርርም አለ። ዶሮ ባየህ ቁጥር ፍሬን ስለምትይዝ ያወጣልህን ስም እስከ ዛሬ አልተወውም።

አንተ ትሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ባዳው ቢቀየም ይከሰናል፣ ወንድሜ ግን ሥጋዬ ነው፣ አኩርፎ አኩርፎ ይመለሳል አልኩት። ባዳው በስድስት ወሩ ተራው ደርሶ ሲሰናበት መርቆን ወጣ፤ አሁንም በየሳምንቱ እየመጣ በሽተኛ ይጠይቃል። ሳይመጣ የቀረው ሥጋዬ ነው።

ባለቤቴ፣ እኔ ወሰንኩ እለዋለሁ፣ እህትና ወንድም በእኔ መኪና አትጣሉም ብሎ ቁልፉን ከእጅህ ተቀበለህ። በር ላይ ቆመህ፣ ከእንግዲህ ቁመናህንም ሬሳህንም አላይ ስትለው ዋጥ አደረጋት። እኔ ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ወንድሜ፣ ና። ቅዳሜ ይሁን፣ ደመወዝ ይውጣ ሳትል ባገኘኸው መኪና ተሳፈር። ምስጢሬን ማውጣቴን አትንገረው፤ እንደሸሸገልኝ ያስብ። ይቅርታ ምናምንም አያስፈልግም። አጠገቡ ቁጭ ብለህ ስለ መንገድ አውራው፤ የቱ ጋ ተቆፈረ፣ የቱ ድልድይ ተጠገነ። እኔን ከፈለግህ ሰላም አትበለኝ። የእኔና የአንተ ጥል ይቆይልናል፣ እኛ ጊዜ አለን።

ቤትህ አይጉደልብህ፣ ልጆችህ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልህ፣ መንገዱን ያቅናልህ።

የበደለችህ እህትህ