የጣቃ ማኅተም

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡00

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ፣ ማስታወሻዬ። ከዘይነባ ጋር እዚህ ጀርመን አገር ማሳ ላይ ዋልን። እኔ በብረት መፈለጊያ ዲቴክተሬ ያገኘሁት፦ ሁለት የጥይት ቀለህ፣ ቆርኪ። እሷ፦ ክብ የእርሳስ ብረት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ መንኮራኩር የተቀረጸበት። ዘጠኝ ዓመት የቆፈርኩት እኔ። እሷ ጎረቤቴ ናት፣ የጀመረችው በሚያዝያ፣ ያስተማርኳትም እኔ።

ጥንት ለድሆች ዳቦ መቀበያ ይሰጥ የነበረ ምልክት ነው አልኳት። ገልብጣ በጣቷ ዳሰሰችው። «አይ ጋሼ፣ ይሄ ጨርቅ ሲሸጥ የሚታሰርበት የጣቃ ማኅተም ነው። ጀርባውን ይዩት፣ የጨርቁ ድርና ማግ ታትሞበታል።» መርካቶ ከአባቷ ጋር ጨርቅ ስትሸጥ ነው ያደገችው። ሳቅሁባት።

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

በአጉሊ መነጽር አየሁት። ድርና ማጉ አለ። የራሴን ሣጥን ከፈትኩ። አሥራ አንድ እርሳስ፣ ሁሉም ላይ በእጄ «የዳቦ ምልክት» ብዬ ጽፌአለሁ። ስድስቱ ጀርባቸው ላይ ጨርቅ አለባቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገልብጬ አላየሁም። እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ። ምሳ አልበላሁም።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

የእርሳሱን ፎቶ እዚህ ላለው የቅርስ መሥሪያ ቤት ላክሁ። ዘይነባ ኢሜይል የላትም፣ ጀርመንኛዋም የሥራ ቦታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእኔ በኩል። የእኔን ግምት በሰፊው ጻፍኩ። የእሷን መጨረሻ ላይ፣ በአንድ መስመር።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

መልስ መጣ። ልክ እሷ ናት። በሚቀጥለው ማክሰኞ እንድትመጣ ቀጠሮ ሰጥተዋታል። እንዴት እንዳወቀችው ከአፏ መስማት ይፈልጋሉ። ማንም ያልለያቸው እርሳሶች መሳቢያ ሙሉ አሏቸው፣ እነሱንም ሊያሳዩዋት። ስለ እኔ ግምት አንድ ቃል የለም።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ከሰዓት። ደረጃው ላይ አገኘኋት፣ ከቤርገር ሽትራሰ ጎዳና ሸምታ ስትመለስ። መልስ መጣ ወይ አለችኝ። ገና ነው አልኩ። የጀርመን ቢሮ እኮ ነው አልኳት። እሺ ብላ ወጣች። ዋሸሁ። ደስም አለኝ፣ ከአንተ ምን እደብቃለሁ።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

ሳምቡሳ ይዛ መጣች። ስለ እርሳሱ አላነሳችም፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ባይመልሱስ ብዬ። ሳቅ አለች። «እዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት ኖርኩ ጋሼ። ወረቀትሽን አምጪ ያላለኝ የለም። ምን ታውቂያለሽ ያለኝ ግን የለም። ባይመልሱም ለምጄዋለሁ።»

ሳምቡሳውን አስቀመጥኩ። ኢሜይሉን ከፍቼ በአማርኛ አነበብኩላት። ፊቷ በራ። ቀጥሎ መቼ ነው የመጣው አለች። ማክሰኞ ረፋድ አልኩ።

«ደረጃው ላይ ሳገኝዎት?»

«አዎ፣ ደርሶኝ ነበር።»

 «ለምን ዋሹኝ?» አላለችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህኗን አነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች፤ የሚተረጉምላት ሰው እንደሚያስፈልጋት፣ ልጇ ደግሞ ሥራ እንዳላት ነገረችኝ። እመጣለሁ አልኩ። ሳታመሰግነኝ ሄደች።

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ሸሚዝ ተኩሻለሁ። ቅናቱ አለቀቀኝም፣ አልዋሽህም። ያ መሳቢያ ለእኔ ቢከፈት ምን ነበረበት እያልኩ ነው ያደርኩት። ግን ወስኛለሁ፦ ጠረጴዛው ጋ እሷ ትቀመጣለች፣ እኔ ከጎኗ። ከራሴ አንድም ነገር አልጨምርም። የምትለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፣ ስለ እኔ የምትለውንም።