ትኩስ ደንበኛ ለሚሸጡልን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና ሁለቱ የኢንሹራንስ ሽያጭ ባልደረቦቼ ነን፤ አለቃችን ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ይጠብቀናል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለኮምፒውተርዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ድርጅትዎ ኢንሹራንስ ለመግባት የቋመጡ ሰዎችን ስምና ስልክ ከኢንተርኔት እየለቀመ ለእኛ ለወኪሎች በመሸጥ የዋለልን ውለታ ተነግሮ አያልቅም። አለቃችን ከእነዚህ ስሞች እስከ ዓርብ አንድ ደንበኛ ያላመጣ ወንበሩን ይልቀቅ ስላለ፣ ወንበሬን ሳልሰናበት ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

፩. «ለሕይወት ኢንሹራንስ እጅግ የሚጓጉ» ብለው የሸጡልን አዛውንት፣ ስማቸውን የሞሉት ድመት ፒያኖ ስትጫወት ለማየት እንደነበር በትሕትና አስረድተውኛል። ድመቷን ግን እስከ ዛሬ አላዩም። መቼ እንደምልክላቸውም ጠይቀውኛል። እባክዎን ለሰውየው ድመታቸውን ያድርሱላቸው።

፪. አንድን የጥርስ ሐኪም ለሦስታችንም ስለሸጡልን፣ ሦስታችንም ተራ በተራ ደወልንላቸው። ሦስተኛዋ ደዋይ እኔ ነበርኩና፣ የባልደረባችንን ማስነጠስ ከኋላዬ ሰምተው፣ «ይማርህ በይልኝ፣ እናንተም እባካችሁ ተማከሩ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ለበጎ ምኞታቸው እናመሰግናለን።

፫. እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት ከወዳደቀ ማስታወቂያና ከሰው ትከሻ ላይ እያየሁ በመሆኑ፣ ንግድዎ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ባለፈው ሳምንት ድረ ገጽዎ ላይ ስሜንና ስልኬን ሞላሁ። ዛሬ ጠዋት «ትኩስ ደንበኛ» ሆኜ ለራሳችን ቢሮ ተሸጥኩ። ቢሮው ውስጥ «ዝምተኛዋ» ተብዬ ስለምጠራ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሙሉ ስሜን ቢያነብም አላወቀኝም። ስልኬ ሲጮህ እንዳላሳፍረው ኮሪደር ወጥቼ አነሳሁ። ለዓመታት አብሮኝ ሲሠራ ብዙም ሰምቶት የማያውቀውን ድምፄንም አልለየውም። «እናቴ» እያለ ስለ ልጆቼ ነገ እያወራ አንጀቴን ሲበላው፣ ልገዛው ምንም አልቀረኝ። እንደምንም እምቢ ብዬ ስመለስ ግን፣ አንዲት ግትር ሴትዮ ገጠመችኝ፣ እንዳንቺ ያለ ጨዋ ሰው የት ይገኛል ሲል አማረረልኝ። ስለ ሙገሳውም ስለ ስድቡም አመሰግናለሁ።

ደብዳቤውን ሳልልከው አደረ። ረቡዕ ጠዋት ስልኬን አጥፍቼ በሕንጻችን ምድር ቤት ወዳለችው ልብስ ሰፊ ወረድኩ። ስለ ሥራዬ ስነግራት መቀሷን አስቀምጣ፣ አንቺ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በደጄ ስታልፊ ምነው አፍሽ ተለጎመ፣ እኔ እኮ ይሄ ካውያ አንድ ቀን ያነድደኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ ብላ ተቆጣችኝ። ለሱቋ የእሳት አደጋ ኢንሹራንስ ገባች። ፊርማዋን ይዤ ወጣሁ። አለቃችንም እጄን ጨብጦ ወንበሬን አጸናልኝ፤ ሴትየዋንም «ከኢንተርኔት የተገኘች» ብሎ መዘገበና ከእርስዎ ጋር ያለውን ውል ለአንድ ዓመት አራዘመ። እንኳን ደስ ያለዎት።

ባልለፋበት ሥራ የሚመሰገን ሰው ባየሁ ቁጥር እርስዎን በአክብሮት የማስብ፣

ትኩስ ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ የልብስ ሰፊዋን ስልክ ቁጥር እንደሚፈልጉት አልጠራጠርም። ደረጃውን ወርደው ይጠይቋት።