ጥገና ላይ ነው ስለተባለው ደወል

ለተከበሩ ፕሬዚዳንት ትሬቨር አሽዳውን
ዌዘርቢ ኮሌጅ፣ ሚኒሶታ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቅጠሉ በሚረግፍበት በዚህ ወቅት ለቀድሞ ተማሪዎች በዓል ጠርተው፣ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ በፈገግታ ስላስከበቡኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስሜን አንድ ቀን እንኳ በትክክል ጽፎልኝ የማያውቅ ኮሌጅ እንዲህ ሲንሰፈሰፍልኝ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ነገሩ አልጣመኝም።

እርስዎ ለቦታው አዲስ ስለሆኑ ልማዳችንን ባያውቁ አልፈርድብዎትም። በዚህ በዓል፣ ከኮሌጁ የኳስ ጨዋታ በፊት፣ በዓመቱ ሰው የሞተብን ሁሉ የደወሉ ግንብ ላይ ወጥተን፣ የሟቹን ስም ጠርተን፣ ገመዱን በገዛ እጃችን ስበን ደወሉን አንዴ እንደውላለን። የእኔዋ ሟች ማርሊስ ሉንድ ነች፤ የኮሌጅ ዘመናችንን በአንድ መኝታ ክፍል አብራኝ ያሳለፈች፣ ስታንኮራፋ ጎረቤት የምታስነሳ። በሰኔ ከመሞቷ በፊት ስልክ ደውላ፣ «ግሌንዳ፣ እንዳፈረ ሰው ነካ አድርገሽው እንዳትወርጂ፤ የማልወዳቸው ሁሉ እስኪሰሙ ሳቢው» አለችኝ። እሺ አልኳት። የመጣሁት ለዚህ ነው እንጂ ለዱባ ኬካችሁ አይደለም።

ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. የግንቡ በር ተቆልፎ ጠበቀኝ። የቀድሞ ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊዋ ወይዘሮ ፓም ክሪገር ደወሉ ጥገና ላይ ነው አሉኝ። ለዕቃ የሚጨነቅ አስተዳደር በማግኘታችን ደስ አለኝ፤ ብቻ መቼ እንደሚመለስ ብጠይቃቸው ስለ አየሩ ያወሩልኝ ጀመር።

፪ኛ. ሰዓቱ ሲደርስ ደወል ተሰማ፤ ከግንቡ ሳይሆን የመብራት ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ። ወይዘሮ ፓም የማርሊስን ስም «ማርሊን» ብለው አነበቡት፤ ከዚያ ማጉያው፣ ምግብ አሞቅሁ እንደሚል ማይክሮዌቭ፣ ጥን አለ። የሞተ ወንድሙን ሊያስብ የመጣው የክፍላችን ልጅ ዱዌይን ኮፍያውን አውልቆ ወዴት ዞሮ እንደሚቆም ግራ ገባው። እኔ ተናደድኩ፣ ክቡርነትዎ። በጣም ተናደድኩ።

፫ኛ. ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ፓም ከጎኔ አልጠፉም። መጸዳጃ ቤት እንኳ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ወደ እርስዎ መኖሪያ ጓሮ ለምሳ ስንገባ ደግሞ፣ ወደ አጥሩ ጥግ ባየሁ ቁጥር ዞረው ፊቴ ይገተራሉ። ሰው በነጻ እንዲህ አይደክምም ብዬ፣ የምበላበትን ሳህን አስያዝኳቸውና አለፍኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠሁትም።

ደወላችን እዚያ ነበር። መምቻው ወልቆ፣ ሐረግ ተጠምጥሞበት፣ ከእርስዎ ወንበር ፊት ለፊት ባማረ ቋሚ ላይ ተሰቅሏል። ለጥገናው ጥራት አድናቆቴን እገልጻለሁ፤ እንዲህ ተወልውሎ አይቼው አላውቅም። ገመድ ስላልነበረው ከሾርባው ድስት የብረት ጭልፋውን አነሳሁ፣ «ማርሊስ ሉንድ!» አልኩና ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። እርስዎ ብርጭቆዎን እንደያዙ ቀሩ። እኔ ግን አለቀስኩ።

ዱዌይን መጥቶ ጭልፋውን ከእጄ ተቀበለኝና የወንድሙን ስም ጠርቶ መታ። ዞር ስል፣ ሳህኑን ሣሩ ላይ እያስቀመጠ ስንቱ ከኋላው ተሰልፏል። የሟቾቻቸው ስም በማጉያ የተነበበባቸው ሁሉ ናቸው።

ስለ መልካም መስተንግዶዎ፣ ስለ ጓሮዎም ስፋት ደግሜ እያመሰገንኩ፣ እንቅልፍዎ የሰላም ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮሌጅዎ የቀድሞ ተማሪ፣ የማርሊስ (ማርሊን አይደለም) ጓደኛ
ግሌንዳ ሆፍማን

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ፓም ይዤው ስለሄድኩት ጭልፋ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። ጥገና ላይ ነው ይበሉልኝ። ደወሉ ግንቡ ላይ በወጣ ማግስት ጥገናው ያልቃል።