ማር የጠጣው ፔዳል

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታውን ትንሽ አቆይልኝ፤ የቅዳሜው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ዘፈኑ ጫፍ ላይ ደርሰን፣ አንተ እንደ ልማድህ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ስታዞር፣ እኔም የጊታሩን ድምፅ ሽቅብ የሚያወጣውን ፔዳል ረገጥኩ። ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ተንገዳግዶ ቁልቁል ወረደ፤ እናቷ የጠፋችባት ጥጃ መሰለ። አዳራሹ ሳቀ። አንተም፣ ይቅርታ አድርጉላት፣ ታናሽ እህቴ ናት፣ ገና እየተማረች ነው ብለህ አብረህ ሳቅክ።

እንግዲህ እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህና ልጆቹስ? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ምኑን ነው የምማረው? ሙዚቃ ተምሬ የተመረቅኩበትን ፎቶ ሳሎንህ ውስጥ የሰቀልከው አንተ ራስህ አይደለህም?

ሰኞ ፔዳሉን ይዤ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ከፍቶ አየው፣ ጣቱን አሸተተና፣ እህቴ፣ ይሄን ዕቃ ቁርስ ታበዪዋለሽ እንዴ አለኝ። ውስጡ ማርና ሎሚ ነው። ጉንዳን ቤተሰብ መሥርቶበታል። መድረክ ላይ ለድምፅህ ማርና ሎሚ የምትጠጣበት ብርጭቆ ሁሌ የሚያርፈው የት ነው? ጠረጴዛ እያለ፣ ወንበር እያለ፣ እግሬ ሥር ፔዳሉ ላይ። ስንቴ ለመንኩህ? ለጥ ያለ ቦታ ነው፣ አይደፋም ትለኝ ነበር።

አይድንም ስለተባለ አዲስ ገዛሁ። ፔዳሉ ለጌጥ ሳይሆን ድምፅህ የማይደርስበትን ከፍታ እንዲወጣልህ እንደገባ ሁለታችንም እናውቃለን። መጀመሪያ አንድ ዘፈን ላይ ብቻ ነበር። አሁን ልምምድ በገባን ቁጥር፣ እዚህ ጋ አንቺ ያዢልኝ የምትልበት ቦታ ይጨምራል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ስልት መስሎት ያደንቅሃል። እኔም ዝም ብዬ ያዝኩልህ፤ የያዝኩልህን ሰው ነው ሕዝብ ፊት የሳቅክበት።

ትናንት አዲሱን ብቻዬን ሞከርኩት። ጥርት ብሎ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ ሲደርስ ግን ድሮ ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያጠብክ ስትዘፍን የምሰማህ መሰለኝ። አጥፍቼ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።

ሚስትህ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዛልህ እንደቀረህ ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፤ አስለፍልፌያት ነው።

ፈጣሪ ድምፅህን ይጠብቅልህ፤ አንተም አግዘው። ልጆቹን ሳምልኝ።

ከእንግዲህ ብርጭቆህ ፔዳሌ ላይ አያርፍም። ለጎደለህ ነገር ሁሉ ሕዝብ ፊት ማሳበቢያህ አልሆንም። ሐኪሙ ጉሮሮህን ሳያይ ደግሞ፣ እዚያ ቦታ ላይ ደርሰህ ማይክሮፎኑን ብታዞር፣ እግሬ ካለበት አይነቃነቅም።

ገና እየተማረች ያለችው እህትህ