ከመኝታ ቤት የሚነዳው ኮምፒውተር

ማክሰኞ

ሠራ። ቶሎሳ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ታብሌቷን በጣቱ ሲነካት ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ታዘዘው። ያስተካከለልን ገመቹ ነው፣ እዚሁ አምቦ አብሮት የሚያስተምረው የኮምፒውተር መምህር። ታብሌቷንም ያዋሰን እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ ታብሌቷ ላይ ይታያል፤ ባለቤቴ ጣቱን ሲጎትት ሳሎን ስክሪኑ ላይ የማውሷ ቀስት ትሄዳለች።

ሆዱ ካበጠ ወዲህ መቀመጥ ስላልቻለ ለተማሪዎቹ የሚያወጣው የባዮሎጂ ፈተና ተጀምሮ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ሁለት ጥያቄ ጻፈ። ኮምፒውተሩን ለምን መኝታ ቤት አታስገቢለትም የሚለኝ ብዙ ነው። የት ላስገባው? አልጋና ቁምሳጥን ገብቶበት ለሰው መቆሚያ የለውም።

ከሰዓት ጠያቂ መጣ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ሻይዋን እየጠጣች ቀስቷ ብቻዋን ስትሄድ አየች። ብርጭቆዋን አስቀምጣ በየሱስ ስም መገሠጽ ጀመረች።

"አዴ፣ ቶሎሳ ነው እኮ" አልኳት።

"ቶሎሳማ ተኝቷል" አለችና ጸሎቷን ቀጠለች።

ቶሎሳ ከውስጥ ሰምቶ "አዴ፣ እኔን ነው የምታስወጪኝ?" ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው።

እንግዳ ሲኖር ስክሪኑን ብቻ ላጠፋው ተስማማን። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ የሚያየው እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ

እንቅልፍ የለኝም። ዶክተሩ አዲስ አበባ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የቶሎሳ ታላቅ ወንድም ኦቦ ዲንቃ ነው፣ ሸነን የሚኖረው። "ለበሽተኛ አይነገርም። ተስፋው ከሞተ ሰውየው ሞተ ማለት ነው" ብሎኛል ዲንቃ። ስለዚህ የሐሞት ጠጠር ነው አልኩ። ለቶሎሳም፣ ሐዋሳ ለምትማረው ልጃችን ለሲፈንም።

ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ላስተማረ ሰው እንዲህ ብሎ መዋሸት። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን "ጠጠሩ መንገድ ዘግቶ ነው" እላለሁ። "ይሆናል" ይላል። ይቺ "ይሆናል" ትበላኛለች።

ሐሳቤ ብዙ ነው። ማስታገሻው እያለቀ ነው፤ ፋርማሲዎቹ የለም አሉ። ለምጽፍበት መጽሔት የምልከው ዓምድ አንድ መስመር አልተጻፈም። ሲፈን ፈተና ላይ ናት፣ ሳታየው ብትቀርስ?

ሐሙስ

ይሄን ቀን እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩን መልሼ ከፈትኩለትና ሻይ ላፈላ ወጥቤት ሮጥኩ። ስክሪኑን ሳላጠፋው። ሳሎን አብረውት የሚያስተምሩ መምህራን ተቀምጠዋል፣ አዴ ጫልቱም አለች።

ሻይ ይዤ ስመለስ ሁሉም የሚያየው አንድ ቦታ ነው። ቶሎሳ ኢንተርኔት ከፍቶ በእንግሊዝኛ፣ ፊደል በፊደል፣ ይጽፋል። የጉበት ካንሰር። የመጨረሻው ደረጃ። ታማሚው ምን ያህል ይቆያል።

ኢንተርኔታችን እንደ ልማዱ ተንቀራፈፈ። መልሱ ከላይ ወደ ታች እየተቆራረጠ ይመጣል።

"ምን ይላል?" አለች ማንበብ የማትችለው አዴ ጫልቱ።

ስክሪኑን ባጠፋው ምን ነበረበት። እኔ ግን እሱም እንዳያነብ ማውሱን ያዝኩና ገጹን ዘጋሁት። ተመልሶ ተከፈተ። ዘጋሁት። ከፈተው። እኔ ወደ ላይ ስስብ እሱ ወደ ታች፣ ቀስቷ በመሀላችን ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ቆመች። ማን እንደያዘው ገብቶታል። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል።

የፈተናውን ገጽ አመጣና ከመጨረሻው ጥያቄ ሥር በኦሮምኛ ጻፈ፦ "ዺሲ። ናን ቤካ።" ተዪው፣ አውቃለሁ ነው ያለኝ። ጠያቂዎቹ ሁሉ እያነበቡ።

አንዱ መምህር ጎንበስ ብሎ ለአዴ ጫልቱ ነገራት። በሌላ እጄ የያዝኩትን ሻይ ተቀበለችኝና እኔን ቀድማ መኝታ ቤት ገባች። "ቶሎሳ ኮ፣ ቶሎሳ ኮ" ስትል ይሰማኛል፣ ቶሎሳዬ ማለቷ ነው። እኔ ማውሱን እንደያዝኩ ነኝ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ መብራት የለም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?"

"ከአንቺ በፊት ሳይሆን አይቀርም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ጠጠሩን እንደዚያ ደክመሽ ስታስረጂኝ እንዴት ላቋርጥሽ" አለ። ለመሳቅ ሞከረ፣ ሆዱ አላስቻለውም።

ሌላ ሆስፒታል አልፈልግም አለ። ሲፈን ትምጣ አለ። "ለእሷ ግን የሐሞት ጠጠር እንዳትዪ።"

ደወልኩላት። "አባትሽ ሊያይሽ ይፈልጋል" ብቻ አልኩ። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም። "ነገ በጠዋት እነሳለሁ" አለች።

ኦቦ ዲንቃም ወሬው ደርሶት ደወለ። "ገደልሽው" አለኝ። ስልኩን ዘጋው። ለቶሎሳ አልነገርኩትም። ውሸት ልተው ባልኩበት ቀን ይኸው ሌላ ደበቅሁ።

ቅዳሜ

ገመቹ ማልዶ መጥቶ ጢሙን ላጨው። ፊቱ የባሰ ከስቶ ታየ። መስተዋት አምጪ አላለም፣ እኔም አላመጣሁም።

"እኔ ነኝ የምነግራት። አንቺ ሳሎን ትሆኛለሽ" አለ። ድምፁ ግን ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። እሱ ካቃተው ብዬ የምነግራትን ወጥቤት ውስጥ በለሆሳስ ሞከርኩ። "ሲፈን፣ አባትሽ" እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም።

ጊንጪ ደርሻለሁ ብላ ደወለች። ትራሱን ከፍ አደረግሁለት። ሸሚዝ ቀየረ። አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ቆማ ጠያቂዎችን "ዛሬ ተኝቷል" እያለች መለሰችልን፣ ጸሎተኛዋ ሴትዮ ዋሸችልን።

ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። የልጄን እግር አውቀዋለሁ፣ እየሮጠች ነው።

"በይ፣ ውጪ" አለኝ።

እጄን ግን አልለቀቀም።