ከውኃ ያልቆጠርኩት ጸበል

ይድረስ ለወንድሜ ለደርቤ፤

የሻርጃው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ከፋብሪካ ስትወጣ እህል ትቀምሳለህ ወይስ እንደ ልማድህ በሻይ ትውላለህ? እኔ እህትህ ውቢት፣ ባለቤቴ መሪጌታም፣ ልጄ ምሥራቅና ባሏም በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን ልዋሽህ አልችልም። በስልክ ያልነገርኩህ ምሥራቅ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። የይግዛው ልጅ ሕሊና ወደዚያ ስለምትበር ይህን በእጇ ልኬልሃለሁ።

የማኅበራችንን የስፖንጅ ፍራሽ ሥራ ታውቀዋለህ፤ አንተው አይደለህ ከፋብሪካህ የተማርከውን የኬሚካል ቅይጥ ልክ ለልጄ ባል ለቢራራ በስልክ ያስጠናኸው። ኬሚካሉ አልገኝ ሲለን፣ እብነ በረድ መቁረጫው የሚደፋውን ነጭ ብናኝ እየቀላቀልን እናበረክተው ነበር። ስፖንጁ ከበድ፣ ጠንከር ስለሚል ወደ ስሜን ተራራ፣ ወደ ጨነቅ የሚወጡት ባለበቅሎዎችም ከኮርቻ ሥር ለማድረግ ይወዱታል። ብናኙን መንፋትና ፀሐይ ላይ ማስጣት የኔ ሥራ ነው። ቢራራ «እማማ፣ እርጥብ ዱቄት ለገንፎ እንጂ ለፍራሽ አይሆንም» እያለ ይቀልድብኛል፤ እኔም «አንተ ደግሞ ገንፎ ሲቀርብ ልክ የሚባል አታውቅም» እለዋለሁ።

በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ሥራው እምቢ አለን። ሦስት ቀን ያፈሰስነው ሁሉ ኩፍ ይልና ተመልሶ ቁጭ ይላል። የሰዉ ፊት ጠቆረ። ከበዓሉ ያመጣሁት ጸበል ነበረኝ፤ በስመ አብ ብዬ ብናኙ ላይ ረጨሁበት። ጥቂት ነው፣ እፍኝ አይሞላም። የጆንያውን አፍ አስሬ ወጣሁ፤ ለቢራራም አልነገርኩት።

በማግስቱ እኔን አምኖ ቀላቀለው። ደርቤ፣ እንደዚያ ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ከሣጥኑ አፍ አልፎ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም በልቤ ሚካኤል ሰማኝ አልኩ። ከምሳ መልስ ስፖንጁ ከሆዱ መጨስ ጀመረ። እሳቱን ማንም አልጫረው፣ ከውስጡ ነው የተነሣ። ቢራራ ሌላው እንዳይያያዝ ብሎ አቅፎ ጎትቶ አወጣው። ሁለቱም እጁ እስከ ክርኑ ተላጠ።

አሁን ማኅበሩ «ልክ አጥፍቶ ነው ያቃጠለን» ብሎ ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ሊያስወጣው ተቀጣጥሯል። የባሰው፣ እሱም አምኖላቸዋል። ምሥራቅ እያጎረሰችው ቁጥሩን ይደጋግማል፤ የቱ ጋ ነው የሳትኩት ይላል። እኔ ከብቶቹን ልይ ብዬ እወጣና በረት ውስጥ አለቅሳለሁ።

አንተ በስልክ ውኃ እንዳይነካው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጸበሉን ግን ከውኃ አልቆጠርኩትም። ለመሪጌታ ጫፉን ባነሣላቸው «ጸበል እሳት ያጠፋል እንጂ አያነድም» አሉኝ። ለማኅበሩ ብናገር ለልጇ ባል ብላ የሚካኤልን ስም አጠፋች ይሉኛል። እፍኝ አይሞላም ያልኩህንም ተወው፤ ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ባዶውን ነው የቀረ።

ይህን ያህል ውኃ ያነድዳል ወይ? ያነድዳል ካልክ ለሊቀ መንበራችን ለዋሴ ደውለህ አስረዳልኝ። መልስህ ቢዘገይም በስብሰባው እነሣለሁ፤ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ብቻዬን ግን የሚያምነኝ ያለ አይመስለኝም። መግቢያው ጠፍቶኛል፣ ወንድሜ።

መሪጌታ በቅዳሴም በማኅሌትም ስምህን ያነሣሉ። ምሥራቅ ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች። ቢራራ እጁ በፋሻ ስለታሰረ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አለኝ፦ «ጋሼ ደርቤ፣ ያስተማሩኝን ልክ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።» እንዳለኝ ጻፍኩት። አንብቢልኝ ሲለኝም ከዚህ ሁሉ ወረቀት ያነበብኩለት ይችኑ ብቻ ነው።

እህትህ ውቢት
ደባርቅ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.